የወታደር ምስጥን ጭንቅላት ማንበብ፦ ዝርያን ለመለየትና በጽሑፍ ለመግለጽ የሚረዳ መመሪያ

ከኩይሳ ወይም ከበሰበሰ ግንድ ውስጥ የተለቀሙ ምስጦችን ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ሥር የሚመለከት ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ነገር ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው እጅግ መመሳሰላቸውን ነው። የተለያየ ዝርያ፣ አልፎ ተርፎም የተለያየ ወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን በአንድ ስም የሚያቅፍ ምድብ) ያላቸው ሠራተኞች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ነጣ ያለውና ለስላሳው አካላቸው ለዓይን የሚሰጠው ፍንጭ ጥቂት ነው። ወታደሮቹ ግን እንዲህ አይደሉም። የወታደር ዋና ሥራ ጎጆውን በተለይ ከጉንዳን መጠበቅ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ የምስጥ ሐረግ መከላከያውን በራሱ መንገድ አበጅቶታል፤ አንዱ ይነክሳል፣ ሌላው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይረጫል፣ ሌላው በገዛ ጭንቅላቱ መተላለፊያውን ይደፍናል፣ ሌላው ደግሞ መንጋጋውን እንደ ወጥመድ አስወንጭፎ ጠላቱን ይመታል። ይህ ሁሉ ልዩነት የሚታየው በጠነከረውና ቀለም በያዘው ጭንቅላቱ ላይ ነው። እንደ አሸን የሚፈሉት ክንፋሞች ለምደባ ጠቃሚ ቢሆኑም በዓመት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሲገኙ፣ ወታደሮች በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ በጎጆው ውስጥ አሉ። የምስጥ ምደባ ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን በወታደሩ ላይ የተደገፉትም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ገደብ ግን ከመነሻው መታወቅ አለበት። አኖፕሎተርመስን የመሰሉ ወገኖች ጨርሶ ወታደር የላቸውም፤ እነዚህን ለመለየት የሠራተኛውን አንጀት መክፈት ግድ ይላል። ስለዚህ ወታደር ያልተገኘበት ናሙና ሁሉ ፍለጋው ጎደሎ ነበር ማለት አይደለም።

ናሙናውን በትክክል መያዝ

ወታደሮች ከሠራተኞች ጋር ሲነጻጸሩ በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ በብዙ ዝርያዎች ከመቶው የጎጆ አባላት መካከል የሚገኙት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ትልልቅ ኩይሳ የሚሠሩትን ማክሮተርመሶች ለመሰብሰብ ግድግዳውን ሰብሮ ጥቂት ደቂቃ በትዕግሥት መጠበቅ ይጠቅማል፤ ሠራተኞቹ ወደ ውስጥ ሲሸሹ ወታደሮቹ ወደ ተሰበረው ቦታ ይወጣሉ። በደረቅ እንጨት ውስጥ የሚኖሩትን ግን በመጠበቅ ማግኘት አይቻልም፤ እንጨቱን በዝግታ እየፈለጡ መተላለፊያዎቹን አንድ በአንድ መከተል ያስፈልጋል። ከአንድ ጎጆ ቢያንስ አሥር ወታደሮችን ማግኘት ጥሩ ነው። በአንድ ወታደር ላይ ብቻ የተመሠረተ ውሳኔ የዝርያውን መልክ ሳይሆን የዚያን ግለሰብ መልክ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ይህን ቁጥር እንደ ቅንጦት አልቆጥረውም።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የማሳስበው ከተለያየ ቦታ የተለቀሙ ምስጦችን በአንድ ብልቃጥ ውስጥ አለመደባለቅን ነው። በአንድ ኩይሳ ውስጥ አንድ ዝርያ ብቻ ይኖራል የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ የባለቤቱን ግድግዳ ሰርስረው የራሳቸውን ጎጆ የሚያበጁ ሌሎች ምስጦች አሉ። እኔም ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን ከአንድ ኩይሳ ያገኘሁትን ሁሉ በአንድነት አስቀምጬ፣ ትንንሾቹን ወታደሮች የማክሮተርመስ አነስተኛ ወታደሮች አድርጌ መዝግቤ ነበር። ማክሮተርመስ በእርግጥም ትልቅና ትንሽ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ወታደሮች ስላሉት ግምቱ የሚያሳምን ይመስል ነበር። የአንቴናቸውን አንጓዎች በቆጠርኩ ጊዜ ግን ከማክሮተርመስ 17 አንጓዎች ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ መንጋጋቸውም እንደ መርፌ የቀጠነ ነበር። በግድግዳው ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ማይክሮተርመሶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ክፍልና ከእያንዳንዱ መተላለፊያ የወጣውን ለየብቻ፣ በየራሱ ብልቃጥ አስቀምጣለሁ።

ቅርጻቸው የሚጠና ምስጦች በ70 ወይም በ80 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ይቀመጣሉ። ለዘረ መል ምርመራ የሚፈለጉት ግን 95 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ ኤታኖል ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ይህኛው አካላቸውን ስለሚያደርቅ አንቴናና እግር በቀላሉ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከአንድ ጎጆ ሁለት ብልቃጥ መሙላት ይመረጣል። የምስጦቹ አካል ውኃ አልኮሉን ስለሚያቀጥነው በማግስቱ በአዲስ መለወጥ አለበት። መለያ ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ በብልቃጡ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይላቀቃል፣ ተራ ቀለምም በአልኮል ይሟሟል። ቦታው፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም፣ ምስጦቹ የተገኙበት ነገር፣ እንዲሁም በሕይወት ሳሉ ብቻ የሚታዩ ጠባዮች ይመዝገቡ። ለምሳሌ የኮፕቶተርመስ ወታደር ሲነካ ከግንባሩ ወተት የመሰለ ነጭ ጠብታ ያወጣል፤ ይህን በዚያው ሰዓት ያልጻፈ ሰው ከአልኮል ውስጥ መልሶ አያገኘውም።

የሚታዩት ነገሮች በቅደም ተከተል

ከሁሉ አስቀድሞ ወታደሩ የበሰለ መሆኑ ይረጋገጥ። ማንኛውም ወታደር ከመጠንከሩ በፊት የወታደር ቅርጽ ያለው ነገር ግን ነጭና ለስላሳ በሆነ ደረጃ ውስጥ ያልፋል፤ ይህ አይለካም፣ ለመግለጫም አያገለግልም። ከአዲስ ጎጆ የተገኙ የመጀመሪያዎቹ ወታደሮችም ከጎልማሳ ጎጆ ወታደሮች ያነሱ ናቸው፤ የአንቴና አንጓዎቻቸውም ቁጥር ሊያንስ ስለሚችል ከእነዚህ የተወሰደ ልኬት አሳሳች ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የግንባር ቀዳዳ አለ ወይ የሚለው ነው። ፎንታኔል የሚባለው ይህ ቀዳዳ የግንባር ዕጢ ፈሳሹን የሚያወጣበት በር ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ እንደ ትንሽ ነጠብጣብ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ሰፊ ቱቦ ሆኖ ይታያል። በደረቅ እንጨት ውስጥ የሚኖሩት ካሎተርሚቲዴዎች ይህ ቀዳዳ የላቸውም። ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን ብርሃኑን ከጎን በማድረግ የጭንቅላቱን ገጽ በጥላ ማየት ይረዳል፤ ብርሃን በቀጥታ ከላይ ሲወርድ ግን ጉድጓዱ ይሰወራል።

ሁለተኛው ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ያለው የደረት ጀርባ ሽፋን፣ ማለትም ፕሮኖተም ነው። ከጎን ሲታይ ጠፍጣፋ ነው ወይስ የፊት ጫፉ ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ ኮርቻ ጎብጧል? ቀዳዳ ከሌለና ፕሮኖተሙ ጠፍጣፋና ከጭንቅላቱ እኩል ወይም የበለጠ ሰፊ ከሆነ መንገዱ ወደ ካሎተርሚቲዴ ያመራል። ቀዳዳ ኖሮ ፕሮኖተሙ ጠፍጣፋ ከሆነ ኮፕቶተርመስና ሬቲኩሊተርመስን የመሳሰሉት፣ ከመሬት ሥር እየወጡ እንጨት የሚያጠቁ ምስጦች ይታሰቡ። ቀዳዳ ኖሮ ፕሮኖተሙ ኮርቻ ከመሰለ ደግሞ ከምስጥ ዝርያዎች አብላጫውን የያዘው ተርሚቲዴ ቤተሰብ ነው። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ፍለጋውን በእጅጉ ያጠቡታል፤ ብዙ ጀማሪዎች ግን ዓይናቸውን የሚስበው መንጋጋው ስለሆነ እነሱን ዘለው በቀጥታ ወደ መንጋጋው ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ የሚፈጠረው ስህተት ለማረም አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ መንጋጋ በማይዛመዱ ምስጦች ላይ ራሱን ችሎ ብቅ ብሏል። ዓይንም ሳይታይ አይታለፍ፤ አብዛኞቹ ወታደሮች ዕውሮች ሲሆኑ፣ በቀን ብርሃን ወጥተው ሣር የሚሰበስቡት ሆዶተርመሶች ግን ጥቁር ዓይን በግልጽ ይታይባቸዋል።

መንጋጋው በዚህ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሲታይ የሚሰጠው መረጃ ብዙ ነው። ሁለቱን መንጋጋዎች ለየብቻ መርምሮ የግራው ከቀኙ መለየት አለመለየቱን መጻፍ ያስፈልጋል። ኦዶንቶተርመስ በግራ መንጋጋው የውስጥ ጠርዝ ላይ ጎላ ያለ አንድ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ከጫፍ ምን ያህል እንደሚርቅና ወዴት እንደሚያመለክት በዚህ ወገን ውስጥ ዝርያን ከዝርያ ይለያል። አሚተርመስ ማጭድ በመሰሉት በሁለቱም መንጋጋዎቹ ላይ አንዳንድ ጥርስ ሲኖረው፣ የማይክሮሴሮተርመስ መንጋጋ ጠርዝ እንደ ደቃቅ መጋዝ ተሸንሽኗል። የኮፕቶተርመስ መንጋጋ ግን ጥርስ አልባ ጎራዴ ነው። ፔሪካፕሪተርመስ የግራ መንጋጋው የተጠማዘዘ ሲሆን ቀኙ ቀጥ ያለ ነው፤ ይህ ሁለቱን አጣብቆ በድንገት የሚያስወነጭፍ መሣሪያ ነው። ተመሳሳይ ዘዴ በሚጠቀም ተርመስ ፓናማኤንሲስ በተባለ ዝርያ ላይ የተለካው የምት ፍጥነት በሰከንድ 70 ሜትር ገደማ ደርሷል።

መንጋጋው እስከ መጥፋት የደረሰባቸውም አሉ። የናሱቲተርመስና የትሪነርቪተርመስ ግንባር እንደ ሾጣጣ አፍንጫ ወደ ፊት ወጥቶ ከጫፉ ፈሳሽ የሚረጭ ሲሆን፣ መንጋጋቸው ከሥር ተደብቆ የቀረ ርዝራዥ ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው የመንጋጋው ርዝራዥ ጫፍ እሾህ አለው ወይስ የለውም፣ ጭንቅላቱ ከአንቴናዎቹ ጀርባ ይጠባል ወይስ ዙሪያው ሙሉ ነው፣ አፍንጫው ከጎን ሲታይ ከግንባሩ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል ወይስ ወደ ላይ ያዘነብላል የሚለው ነው። ወታደሮቹ አንድ መጠን ብቻ ያላቸው ወይስ ትልቅና ትንሽ ተብለው የሚከፈሉ መሆናቸውም ይታይ፤ በትሪነርቪተርመስ ሁለቱም መጠኖች ይገኛሉ። የደቡብ አሜሪካዎቹ ሲንተርመሶች ደግሞ ትልቅ መንጋጋና አጭር አፍንጫ በአንድ ላይ ስላላቸው፣ አፍንጫ ያለው ሁሉ መንጋጋ የለውም ብሎ መደምደም አይገባም።

የላይኛው ከንፈር ቸል ሊባል አይገባም። የማክሮተርመስ ከንፈር ጫፍ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ምላስ መሰል ክፍል አለው፤ ኦዶንቶተርመስ ይህ የለውም። የኩቢተርመስ ከንፈር ደግሞ መሐሉ በጥልቀት ተሰንጥቆ እንደ ሹካ ለሁለት ይከፈላል። የክሪፕቶተርመስን ወታደር ለማወቅ ግን ከንፈሩን ማየት እንኳ አያስፈልግም፤ ግንባሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የወረደ አጭርና ጥቁር ጭንቅላቱ በትክክል የመተላለፊያ ውታፍ ነው።

ቀለምን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። በወታደሩ ዕድሜና በአልኮል ውስጥ በቆየበት ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ ሁለት ዝርያዎችን በቀለም ብቻ መለየት ከሁሉም የደከመ ማስረጃ ነው።

ጸጉር እስከ መቁጠር

ወገኑ ከታወቀ በኋላ ዝርያውን የሚለየው ብዙ ጊዜ እጅግ ትንሽ ነገር ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት በብዙ አገሮች ቤቶችን የሚያጠፉት ሁለቱ የኮፕቶተርመስ ዝርያዎች፣ ፎርሞሳነስና ጌስትሮይ ናቸው። የሁለቱም ወታደሮች ጭንቅላት እንቁላል የሚመስል፣ መንጋጋቸው ጥርስ የሌለው፣ የግንባር ቀዳዳቸው ወደ ፊት የተከፈተ ሰፊ ቱቦ ነው። ሆኖም የቀዳዳውን ጠርዝ በከፍተኛ ማጉያ ሲያዩት በፎርሞሳነስ በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ጸጉሮች ሲቆሙ፣ በጌስትሮይ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ብቻ፣ በድምሩ ሁለት ናቸው። ጸጉር ግን በወረንጦ ሊነቀል ይችላል፤ ስለዚህ ጸጉሩን ያጣ ሰው የበቀለበትን ጉድጓድ ፈልጎ መቁጠርና ቆጠራውን በብዙ ወታደሮች ላይ መድገም ይኖርበታል።

ልኬት

ልኬት የሚታመነው ሁሉም ወታደሮች በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ሲለኩ ብቻ ነው። ጭንቅላቱ በትንሹ እንኳ ወደ ፊት ካዘነበለ ርዝመቱ አጥሮ ይታያል፤ በዚህ ምክንያት የሚመጣው ልዩነት ሁለት ቅርብ ዝርያዎችን ከሚለየው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። አቀማመጡን ለማስተካከል በትንሽ ሳሕን ውስጥ ደቃቅ ንጹሕ አሸዋ አድርጎ አልኮል ማፍሰስና ምስጡን በአሸዋው ላይ ማስደገፍ፣ ወይም ወፈር ያለ ግልጽ የእጅ ማጽጃ ጄል ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ጄሉ በወረንጦ ያዞሩትን አቅጣጫ ይዞ ይቆያል። የጭንቅላቱ የግራና የቀኝ ጠርዞች እንዲሁም የፊትና የኋላ ጫፎቹ በአንድ ጊዜ ጥርት ብለው ሲታዩ አቀማመጡ ተስተካክሏል ማለት ነው፤ አንዱ ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘ እንደገና ይዙር። የማይክሮስኮፑ የዓይን መለኪያ በእያንዳንዱ የማጉያ ደረጃ በመስታወት ላይ በተቀረጸ የርዝመት መለኪያ መፈተሽ አለበት።

መሠረታዊዎቹ ልኬቶች የጭንቅላት ርዝመት እስከ መንጋጋዎቹ የጎን ሥር ድረስ፣ የጭንቅላት ትልቁ ስፋት፣ በመንጋጋ ሥር ያለው ስፋት፣ የግራ መንጋጋ ርዝመት፣ የፕሮኖተም ርዝመትና ስፋት፣ በጭንቅላቱ ሥር ያለው ፖስትሜንተም የሚባለው ሰሌዳ ርዝመቱና ትልቁና ትንሹ ስፋቱ፣ እንዲሁም ቲቢያ የሚባለው የኋላ እግር ቅልጥም ርዝመት ናቸው። አፍንጫ ላላቸው ምስጦች የጭንቅላቱ ርዝመት ከአፍንጫው ጋርም ያለ አፍንጫውም ይለካል። ቁጥሮቹን በሚሊሜትር ከመጻፍ ጋር ሬሾዎችን ማስላት ይጠቅማል፤ የጭንቅላቱ ስፋት ለርዝመቱ ሲካፈል፣ ወይም የመንጋጋው ርዝመት ለጭንቅላቱ ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ከጠቅላላ መጠን ይልቅ ቅርጽን ስለሚያሳይ ከጎጆ ጎጆ የሚለዋወጠውን መጠን በከፊል ያርመዋል። እንደ ሳሞተርመስ ባሉት፣ ወታደሮቻቸው በአንድ ጎጆ ውስጥ እንኳ በመጠን እጅግ በሚለያዩ ምስጦች ላይ፣ አማካይ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ትንሹና ትልቁ ልኬት ከተለኩት ወታደሮችና ጎጆዎች ቁጥር ጋር መቅረብ አለበት።

አዲስ ዝርያ ከማለት በፊት

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዓለም ምስጦች ዝርዝር ቅሪተ አካሎችን ጨምሮ 3,106 ዝርያዎችን ይዟል። ስለዚህ በእጅ ያለው ናሙና ከቅርብ አገር ዝርያዎች ጋር አልመሳሰል ማለቱ አዲስነቱን አያረጋግጥም፤ የሰው ጭነትና እንጨት ምስጥን ባሕር አሻግሮ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1896 የተሰየመው ኮፕቶተርመስ ጌስትሮይ በ1911 ሃቪላንዲ የሚል ሌላ ስም ተሰጥቶት ሁለቱ እንደ ተለያዩ ዝርያዎች ሲቆጠሩ ቆይተው፣ በ2003 አንድ መሆናቸው ታወቀ። በምዕራብ ፈረንሳይ ሳንቶኔንሲስ ተብሎ የተሰየመው ሬቲኩሊተርመስም በኋላ ከሰሜን አሜሪካ የገባው ፍላቪፔስ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱም ታሪኮች የሚያሳዩት ናሙናውን በቅርብ ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመላው ወገን፣ በተለይም ስሙ ከተመሠረተባቸው የመጀመሪያ ናሙናዎች ጋር ማነጻጸር እንደሚያስፈልግ ነው። ወታደሩ ብቻውን የማይበቃበትም ጊዜ አለ፤ በኩቢተርመስና በዘመዶቹ የሠራተኛው የአንጀት ቫልቭ ቅርጽ ወሳኝ ነው። ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ 2 የተባለውን ዘረ መል ማስነበብም የቅርጹን ማስረጃ ያጠናክራል ወይም ይፈትነዋል።

መግለጫው ሲጻፍ በጣም ጠቃሚው ክፍል ረጅሙ አይደለም፤ ዝርያው ከሚመስሉት ዝርያዎች በምን እንደሚለይ የሚናገረው አጭሩ ክፍል ነው። «ጭንቅላቱ ቡናማ፣ መንጋጋው ረጅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ለብዙ ዝርያዎች ስለሚሆን ማንንም አይለይም። «የግራ መንጋጋው ጥርስ ከመንጋጋው መካከል በላይ ይገኛል፤ እጅግ በሚቀርበው ዝርያ ግን ከመካከል በታች ነው» የሚለው ግን ቀጣዩ አንባቢ በማይክሮስኮፑ ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። ከዚህ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ከላይና ከጎን፣ ሁለቱ መንጋጋዎች፣ ከንፈሩ፣ አንቴናው፣ ፕሮኖተሙና እግሩ በተራ ይገለጻሉ፤ ጸጉሮች በየትኛው ክፍል ላይ ምን ያህል እንደሆኑ ይጻፋል፤ የጭንቅላቱ ሥዕል ወይም ፎቶ ከላይና ከጎን ከመለኪያ መስመር ጋር ይቀርባል።

ስሙን በተመለከተ፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ፣ ስሙ አዲስ መሆኑ በግልጽ እንዲነገር፣ ስሙን የሚሸከሙት ናሙናዎች ተለይተው እንዲታወቁና የሚቀመጡበት ስብስብ እንዲጠቀስ ያዛል። በተግባር የሚመረጠው ሆሎታይፕ የሚባል አንድ ወታደር መሰየም ነው። ተርመስ የሚለው ስም በላቲን ወንድ ስለሆነ፣ ቅጽል የሆነ የዝርያ ስምም የወንድ ቅርጽ ይይዛል፤ ማክሮተርመስ ቤሊኮሰስ እንጂ ቤሊኮሳ አይባልም። ለሆሎታይፕ አንቴናዎቹና መንጋጋዎቹ ያልተሰበሩበት የበሰለ ወታደር ይመረጥ፤ በራሱ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከመለያው ጋር ገብቶ፣ ያ ብልቃጥ በአልኮል በተሞላ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጥ፤ የዚያው ጎጆ ቀሪ ወታደሮችና ሠራተኞች ደግሞ ያንኑ የስብስብ ቁጥር ይዘው አጠገቡ ይሁኑ።